የእናቴን የ1965 ፎቶግራፍ ስሜት እንዴት ልመልሰው?

ጠያቂ፦ እናቴ በ1965 ዓ.ም. ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለኝ። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ እጇን የፕላስቲክ አበባ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አሳርፋለች። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው፤ ጀርባው ላይ «ወንድሜ፣ ለማስታወሻ ይሁንህ» ብላ ጽፋለች። ለፋሲካ እንደዚያው ላነሳት ፈልጌ በስልክ ሞከርኩና ቡናማ ቀለም ሰጠሁት፤ የውሸት ሆነብኝ። የእሷ ፎቶግራፍ እኮ ቡናማ አይደለም! ምን ጎደለኝ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የጎደለህ ብርሃኑና ጽሞናው ነው። እኔ በጨለማ ክፍል ፊልም ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ጊዜ ፊልም ብዙ ብርሃን ይፈልግ ስለነበር ተነሺው በትላልቅ አምፖሎች ፊት ትንፋሹን ይዞ ይቆም ነበር፤ ያ ኮስታራነት ከዚያም ይመጣል። እናትህን መስኮት አጠገብ አቁማት፤ ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አድርገህ በ1/8 ሰከንድ አንሳ። ፈገግ እንድትል ግን አታስገድዳት።

መልስ 2፦ ቡናማውን ተወው። ጥቁርና ነጩ ምስል ከብር የተሠራ ስለሆነ በደንብ ከታጠበ ብዙ ይቆያል፤ ቀድመው የሚደበዝዙት የዘመኑ ባለቀለም ፎቶግራፎች ናቸው። በማያንጸባርቅ ወረቀት፣ 9 በ12 ሳንቲ ሜትር አሳትመው። በመዳፍ የሚያዝ ይሁን።

ጠያቂ፦ ዛሬ መስኮቱ ጋ አቆምኳት። ሳልነግራት እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ጀርባው ላይ ምን እንደምትጽፍ ብጠይቃት፣ «መጀመሪያ አሳትመህ አምጣ» አለችኝ።