በ4 ዓመት ፒኤችዲ ውስጥ የአይጥ ፕሮጀክት ያዋጣል ወይስ የሴል ላይን?

ጥያቄ፦ ጀማሪው
ሰላም ቤተሰብ። የኤምዲ-ፒኤችዲ (የሕክምናና የምርምር ዲግሪ በአንድ ላይ) ተማሪ ነኝ፤ የሕክምናው ሁለት ዓመት አልቆ ፒኤችዲውን በሳንባ ካንሰር ልጀምር ነው። አማካሪዬ የአይጥና የሴል ላይን (ላብ ውስጥ እየተራባ የሚኖር የሴል ዘር) ፕሮጀክት አቅርበው ምረጥ ብለውኛል። በ4 ዓመት ውስጥ ወደ ዋርድ መመለስ አለብኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ፓይፔት
ወዳጄ፣ መጀመሪያ አይጦቹ ተዳቅለው ያለቁ ናቸው ወይስ ገና ናቸው ብለህ ጠይቅ። የኬራስና የፒ53 (በሳንባ ካንሰር በብዛት የሚለወጡ ሁለት ጂኖች) ለውጦችን አንድ አይጥ ላይ ማሰባሰብ ሁለት ትውልድ ይፈጃል። እርግዝናው 20 ቀን ገደማ፣ ግልገሏ ለመራባት እስክትደርስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፤ ሁሉም ቢሳካ 5 ወር አካባቢ። በመጨረሻው ማዳቀል የምትፈልገው ጂኖታይፕ (የጂን ጥምረት) የሚወጣው ከአራት ግልገል በአንዱ ነው። 8 ቢወለዱ 2 ብታገኝ ነው፣ እነሱም ሁለቱም ወንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያ ክሪ (የጂን ለውጦቹን ሳንባው ውስጥ የሚያስነሳ ኢንዛይም) የተሸከመ ቫይረስ በአፍንጫ ሰጥተህ ዕጢው እስኪያድግ ደግሞ ወራት። ኮሎኒው (የተዳቀሉት አይጦች ስብስብ) ዝግጁ ካልሆነ አይጡን ሁለተኛ ፕሮጀክት አድርገው፤ የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃዱን ግን ከወዲሁ አስገባ።

መልስ፦ ፍላስክ
ሴሉም ቀላል አይምሰልህ። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የተባለው ሴል ላይን ለዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ተሠርቶበታል፤ ኋላ ሲጣራ ኤም14 የተባለ የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ሴል ሆኖ ተገኘ። ከጎረቤት ላብ የተለመነ ቱቦ ኤስቲአር (የሴሉን ማንነት በዲኤንኤ የሚያጣራ ምርመራ) ሳይሠራለት ከሌሎች ሴሎችህ ጋር አይቀመጥ። ማይኮፕላዝማ (ሴሎችን የሚበክል ደቃቅ ባክቴሪያ) ደግሞ የባሰ ነው፦ ሚዲያውን (ሴሉ የሚያድግበትን ፈሳሽ) አያደፈርስም፣ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፣ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያም ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። የሴሉን የጂን እንቅስቃሴ ስለሚለውጥ የዓመት ዳታ ገደል ይከታል። በየወሩ በፒሲአር መርምር። ንጹህ መሆኑ እንደተረጋገጠ አሥር ቱቦ ያህል ለመጠባበቂያ አስቀምጥ፦ በ10% ዲኤምኤስኦ (ሴሉን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ፈሳሽ)፣ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየቀዘቀዘ፣ ከዚያ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን።

ጀማሪው
ኮሎኒው ገና ነው አሉኝ፤ በሴል እጀምራለሁ። ጽሑፉ ለጆርናል መቼ ይላክ?

ፓይፔት
ዋርድ ከመግባትህ ቢያንስ 6 ወር ቀድሞ። ገምጋሚዎች ተጨማሪ ሙከራ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ደግሞ ዌስተርን ብሎት (የፕሮቲን ምርመራ) አይሠራም። የእያንዳንዱን አንቲቦዲ ሎት (የምርት ዙር) ቁጥርና የሴሉን ፓሴጅ (ስንት ጊዜ ወደ አዲስ ዕቃ እንደተዛወረ) ደብተርህ ላይ ጻፍ፤ ያኔ ሙከራውን የሚደግምልህ ሌላ ሰው ነው።