የካምፔይናችን ማስታወሻ ቴሌግራም ውስጥ ጠፋብን፤ ዌብሳይት ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ?

ቆሎ_በኪሴ
ሰላም ቤቶች። ዲኤንዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ገጸ ባሕሪ ይዘን በዳይስ የምንጫወተው የተረት ጨዋታ) በአማርኛ ማጫወት ከጀመርኩ 8 ወር ሊሞላኝ ነው፤ ካምፔይን የምለው ከቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀጥለውን ታሪካችንን ነው። አምስት ተጫዋቾች አሉኝ፦ ሦስቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ (ዋሽንግተን አጠገብ)፣ አንዷ ፍራንክፈርት። ቅዳሜ ቅዳሜ ዲስኮርድ ላይ እንገናኛለን። ዓለሙን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ። ደጋው ላይ አንድ መንግሥት አለ፣ በስተምሥራቅ ጨው የሚወጣበት በረሃ፣ መሃል ላይ ደግሞ ነጋዴ የሚዘርፉ ሽፍቶች። ባርዱን (በዘፈን አስማት የሚሠራውን ገጸ ባሕሪ) አዝማሪ ብለነዋል፤ ማሲንቆውን አንስቶ ጠላቱን በሰም ለበስ ስድብ ሲወርፈው ዳይሱ እስኪቆም ድረስ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነው የምንጠብቀው።

ችግሩ ማስታወሻችን ነው። ያለው ሁሉ ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ነው፣ ከሚሙና ከ«ዛሬ መብራት የለም» ጋር ተደባልቆ። ባለፈው ቅዳሜ ኬላ ላይ ደርሰው «ነጋድራሱን ጉቦ ሰጥተነዋል ወይስ አልሰጠነውም?» ብለው ሃያ ደቂቃ ተጨቃጨቁ። ዳኛው (ዲኤሙ፣ ታሪኩን የሚመራው) እኔ ነኝ፣ እኔም አላስታውስም! ኮዲንግ ብዙም አልችልም፤ በዶላር መክፈልም አይመቸኝም። ወርልድ አንቪል የሚባለውን የጨዋታ ዓለም መጻፊያ ዌብሳይት ከፍቼ ነበር፣ የሚሞላውን ቅጽ ብዛት ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ምን ትላላችሁ? የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከሁለት ወር በኋላም የሚከፍተው ሰው አለ?

ሃያ_ጎን
ኧረ እኔ ሠርቼ ነበር። ገና አንድ ዳይስ ሳይወረወር አርባ ገጽ ጻፍኩ፤ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ትውልድ፣ የሦስት ሃይማኖት ታሪክ፣ የከተማውን የገበያ ቀን ሳይቀር። ማን አነበበው? ማንም። ልጆቹ የሚከፍቱት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ባለፈው ምን ሆነ?» እና «ይሄ ሰውዬ ማን ነበር?»። ስለዚህ በሦስት ገጽ ጀምር። ያለፉት ጨዋታዎች፣ ሰዎች፣ ቦታዎች፣ አለቀ። ጉግል ሳይትስ (ያለ ኮዲንግ ዌብሳይት መሥሪያ) ይበቃሃል፣ ነፃ ነው፣ ዶሜይን መግዛት አያስፈልግህም።

ሰዎቹን በአንድ አንድ መስመር ጻፋቸው፣ ለምሳሌ፦ «ነጋድራስ ውቤ፣ ኬላው ላይ፣ ግራ ዓይኑ አያይም፣ 20 አሞሌ በልቷል፣ ጨዋታ 14»። የጨዋታውን ቁጥር እንዳትረሳ፤ ጭቅጭቁን የምትዘጋው በእሱ ነው። ማጠቃለያውን ደግሞ በማግስቱ ጻፈው። ሐሙስ ላይ ከተቀመጥክ የምትጽፈው የሆነውን ሳይሆን እንዲሆን የፈለግከውን ነው፣ ደርሶብኛል።

ሽፍታው_ፕሮግራመር
ጉግል ሳይትስ ለመጀመር ጥሩ ነው፤ ነገ ልውጣ ስትል ግን ጽሑፍህን እየገለበጥክ ታለቅሳለህ። እኔ የምጽፈው ኦብሲዲያን በሚባል የማስታወሻ ፕሮግራም ላይ ነው። ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ናቸው፣ ኮምፒውተርህ ላይ ይቀመጣሉ፣ ኔት ሲጠፋም ትጽፋለህ። ከዚያ ኳርትዝ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ወደ ዌብሳይት ይቀየርና ጊትሃብ ፔጅስ (የጊትሃብ የዌብሳይት ማውጫ አገልግሎት) ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ አንድ ቅዳሜ ይበላሃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ጽፎ መላክ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ስማኝ። በነፃው አካውንት ፔጅስ የሚሠራው ሪፖዚቶሪው (ጊትሃብ ላይ ፋይሎችህ የሚቀመጡበት ቦታ) ለሁሉም ክፍት ሲሆን ነው። እኔ ሞኙ የዲኤም ምስጢሬን እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጬ፣ ከዌብሳይቱ ማውጫ ላይ ስለደበቅኩት ብቻ የተደበቀ መሰለኝ። አንዱ ተጫዋቼ ሪፖዚቶሪውን ከፍቶ ከዳተኛው መነኩሴው መሆኑን አነበበ። አልነገረኝም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ገጸ ባሕሪው ከመነኩሴው እጅ ጠላ አልቀበልም ሲል «እንዴት ብልህ ነው» እያልኩ አደንቀው ነበር። ሳውቅ ፋይሉን አጠፋሁት፣ ግን ጊት (ጊትሃብ የሚሠራበት ፕሮግራም) የድሮውን ሁሉ ስለሚያስቀምጥ ፈልጎ ለሚያይ ሰው እዚያው አለ። መጨረሻ ላይ ከዳተኛውን ሌላ ሰው አደረግኩት። ምስጢርህ ለብቻው ፎልደር ይኑረው፣ ከዌብሳይቱ ጋር አይተዋወቁ።

የአማርኛውን ጣጣም ልንገርህ። የገጹን አድራሻ በላቲን ፊደል ሰይመው። በአማርኛ ከሰየምከው ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ስትለጥፍ አንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ልትሆን ትችላለች፤ «ደብረ ፀሐይ» ብለህ ግማሽ ስክሪን የፐርሰንት ምልክት ይወጣልሃል። ፍለጋውም ያበሳጫል። አንተ «ፀሐይ» ብለህ ትጽፋለህ፣ አንዱ «ጸሀይ» ብሎ ይፈልግና «የለም» ይለዋል። እኔ ገጹ ግርጌ ላይ ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ ደርድሬያቸዋለሁ። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

አዝማሪዋ
እኔ ዲኤም አይደለሁም፣ ተጫዋች ነኝ። የኛ ዲኤም ዌብሳይት ላይ እንደ ድሮ ብራና የሚመስል ትልቅ ስዕል ከጀርባ አለ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልክ ልከፍተው ስል ዳታዬን ይጨርስና ጽሑፉም አይነበብም። ነጭ ላይ ጥቁር ይብቃህ። ፊደሉን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አድርገው፣ ደግሞ ርዕሱን በኢታሊክ አታዝምመው፤ ፊደላችን ሲዘም የሰከረ ነው የሚመስለው።

ማጠቃለያውን ለምን አንተ ብቻ ትጽፋለህ? እኛ ጋ ተራ በተራ ነው፣ እያንዳንዱ በገጸ ባሕሪው አፍ ይጽፋል። ለጻፈ ሰው ዲኤሙ ኢንስፓይሬሽን ይሰጠዋል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ዳይሱን ሁለቴ ወርውሮ የተሻለውን ይይዛል። ሌባችን ሲጽፍ ሁሉንም ጠላት የገደለው እሱ ነው፣ እኛ ስንቅ ተሸካሚዎች ነን! ታሪኩ ይጣመማል ግን ሁሉም ገብቶ ያነባል፣ ቢያንስ ለመቃወም።

አንድ ነገር ረሳሁ፣ የሚቀጥለውን ጨዋታ ሰዓት ከላይ አድርገህ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ብለህ ለየብቻ ጻፈው። በክረምት «ቅዳሜ 3 ሰዓት» ተብሎ ተለጥፎ፣ የማታ 3 ማለታችን ነበር፣ እዚያ ያለው ልጅ በነሱ ከሰዓት 3 መስሎት አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ደግሞ እነሱ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ይሄዳል።

ቆሎ_በኪሴ
ኑሩልኝ! በጉግል ሳይትስ ልጀምርና ዋናውን ጽሑፍ ኦብሲዲያን ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የአስማቶቹን ሕግ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ብለጥፈው ችግር አለው?

ሽፍታው_ፕሮግራመር
ኤስአርዲ 5.1 (የዲኤንዲ አሳታሚ፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት፣ በነፃ ያወጣው የሕጉ ክፍል) ውስጥ ያለውን መተርጎም ትችላለህ። በጃንዋሪ 2023፣ ያ ሁሉ የላይሰንስ ጫጫታ ከተነሳ በኋላ፣ በክሪኤቲቭ ኮመንስ (ምንጭ ከጠቀስክ እንድትጠቀምበት በሚፈቅድ ላይሰንስ) ለቀውታል። ምንጩን እነሱ በሚሉት ዓረፍተ ነገር ጥቀስ። ከመጽሐፎቹ ላይ ስዕል ወይም ኤስአርዲው ውስጥ የሌለ ነገር ግን እንዳትለጥፍ።

ቆሎ_በኪሴ
ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሦስቱ ገጾች ቆመዋል፣ የመጀመሪያውን ማጠቃለያ የፍራንክፈርቷ ልጅ ጽፋዋለች። የቆየውን ለመሙላት ብዬ ቴሌግራሙን እስከ ጥግ ድረስ ወደ ላይ ስስብ አደርኩ። ነጋድራሱን አገኘሁት። ጉቦውን ሰጥተነዋል፣ ጨዋታ 11 ላይ 20 አሞሌ። ጨዋታ 17 ላይ ደግሞ ረስተን ድጋሚ 20 ሰጥተነዋል። ሰውየው ዝም ብሎ ተቀብሎናል።