የእቁብ ዕጣ የሚያወጣው ፕሮግራሜ ለምን ያዳላል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በመሥሪያ ቤታችን 12 አባላት ያሉት ወርኃዊ እቁብ አለን፤ የዓመቱን ተራ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ አነስተኛ ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት እንድጽፍ የእቁቡ ዳኛ ጠየቁኝ። የአባላቱን ስም በአሬይ (ቦታቸው በቁጥር በተያዘ ዝርዝር) አስቀምጬ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ ከማዝ ራንደም (ከ0 እስከ 1 ያለ የዕጣ ቁጥር ከሚሰጠው ትእዛዝ) ላይ 0.5 ቀንሶ የሚመልስ ማነጻጸሪያ (ከሁለት ስሞች የትኛው እንደሚቀድም የሚወስን) ለሶርት፣ ማለትም ለመደርደሪያው ትእዛዝ፣ ሰጠሁት። ውጤቱ ለዓይን የተዘበራረቀ ይመስላል። ነገር ግን ዝርዝሩን በየጊዜው ወደ መነሻው እየመለስኩ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው ፕሮግራም) 10,000 ጊዜ ሳስኬደው፣ መጨረሻ ላይ የተጻፈው አባል 1ኛ ዕጣ የደረሰው 630 ጊዜ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ 3ኛ ዕጣ ግን ከ1,240 ጊዜ በላይ ደረሰው። እኔ የጠበቅሁት ለየቦታው 833 ገደማ ነበር። ጥፋቱ የማዝ ራንደም ነው ወይስ የእኔ?

ምላሽ 1
ማዝ ራንደም እዚህ ጥፋት የለበትም። ሶርት የሚሠራው ማነጻጸሪያው በቃሉ እንደሚጸና አምኖ ነው፤ በየጥያቄው ሳንቲም እየወረወረ የሚመልስ ማነጻጸሪያ ሲሰጠው ግን ውጤቱን የሚወስነው የሶርቱ የውስጥ አሠራር ይሆናል። የኖድ ሞተር የሆነው ቪ8 አጭር አሬይ ሲደረድር፣ ቀጣዩን አባል አስቀድሞ በተደረደረው ክፍል ውስጥ ግማሽ በግማሽ እየፈለገ ያስገባዋል። የመጨረሻውን አባል 12 ክፍት ቦታዎች ይጠብቁታል፤ ወደ 8ቱ ለመድረስ አራት ንጽጽር ሲያስፈልግ ለቀሩት 4 ሦስት ይበቃል። ስለዚህ ዕድሉ በየቦታው 1/12 መሆኑ ቀርቶ 1/16 ወይም 1/8 ይሆናል፤ ከ10,000 ሲሰላ 625 እና 1,250 ነው፣ እርስዎም ያገኙት ይህንኑ ነው። በነገራችን ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ለአውሮፓ ተጠቃሚዎች ያቀረበው የብራውዘር መምረጫ ገጽም በዚሁ ስህተት ተተችቷል።

ምላሽ 2
መፍትሔው ሮናልድ ፊሸርና ፍራንክ ዬትስ በ1938 እ.ኤ.አ. ለወረቀትና እርሳስ ያወጡት፣ ሪቻርድ ዱርስተንፌልድ ደግሞ በ1964 ለኮምፒውተር ያመቻቸው ዘዴ ነው። ከመጨረሻው ኢንዴክስ (ከ0 የሚጀምር የቦታ ቁጥር)፣ ማለትም ከ11፣ ይነሱና እስከ 1 ይውረዱ፤ በየደረጃው ከ0 እስከ ቆሙበት ኢንዴክስ ድረስ፣ የቆሙበትንም ጨምሮ፣ አንድ ቁጥር በዕጣ መርጠው ሁለቱን ያለዋውጡ። ይኸው ነው።

«የቆሙበትንም ጨምሮ» የምትለዋን ቃል አደራ። እሷ ከቀረች ማንም አባል በተጻፈበት ቦታ ሊቀር አይችልም፤ ከ479,001,600 አደራደሮች መካከልም ሊወጡ የሚችሉት 39,916,800 ብቻ ይሆናሉ። በየደረጃው ከ12ቱም መምረጥም የተለመደ ስህተት ነው። በሦስት ሰው ቢሞክሩት 27 እኩል መንገዶች ይኖራሉ፤ 27 ደግሞ ለ6 አደራደሮች እኩል ስለማይካፈል፣ ሦስቱ አደራደሮች አምስት አምስት ጊዜ፣ ሦስቱ አራት አራት ጊዜ ይደርሳቸዋል።

ምላሽ 3
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ገንዘብ ስላለበት ግን ማዝ ራንደምን ትቼ ለመገመት የሚያስቸግሩ የዕጣ ቁጥሮች የሚሰጠውን ክሪፕቶ ጌት ራንደም ቫልዩስን እመርጣለሁ። ከእሱ የሚመጣውን ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር) ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ግን ሌላ አድልዎ ያመጣል፤ 256 ለ12 ሲካፈል 4 ስለሚተርፍ፣ ከ0 እስከ 3 ያሉት ቁጥሮች 22 ጊዜ፣ ሌሎቹ 21 ጊዜ ይወጣሉ። 252ና ከዚያ በላይ የሆነውን ጥሎ እንደገና መጠየቅ ይገባል፤ አካፋዩ በየደረጃው ስለሚቀንስ ወሰኑም አብሮ መሰላት አለበት። ደግሞስ ዳኛው የወደዱት ተራ እስኪመጣ ደጋግመው ቢጫኑትስ? ይህን ኮድ አይከለክልም፤ ዕጣው አባላት በተሰበሰቡበት አንድ ጊዜ ብቻ ይውጣ።

ጠያቂው በድጋሚ
አመሰግናለሁ። በምላሽ 2 መሠረት ለውጬ 10,000 ጊዜ ስሞክረው የመጨረሻው አባል ቁጥሮች በሁሉም ቦታ በ833 ዙሪያ ሆኑ። ዕጣውን በስብሰባ ላይ እንድናወጣው ለዳኛው ነግሬያቸው ተስማምተዋል፤ የክሪፕቶውን ማስተካከያም ከዚያ በፊት እጨምራለሁ።