ለአንጀት ካንሰር ምርመራ የምንልከውን ቴክስት የኛ ሰው ለምን አይመልስም?

ማርታ_ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ክሊኒክ ነው የምሠራው። ሥራዬ ሰው ጋ እየደወሉ ቀጠሮ ማስያዝ፣ ምርመራ ያለፈበትን ማስታወስ ምናምን ነው። ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 75 ሆኖ የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ ላላደረጉ በሙሉ ቴክስት እንልካለን። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የሚላክላቸው ይመልሳሉ፣ የኛ ሰዎች ግን ጭጭ። አለቃዬን ለምኜ በአማርኛ አስደረግሁት፤ ያው ነው። እንዲህ ይላል፦

«ውድ ታካሚ፣ የኮሎሬክታል ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጊዜዎ ደርሷል። ምርመራ ሕይወት ያድናል። ቀጠሮ ለመያዝ ሊንኩን ይጫኑ።»

ምኑ ላይ ነው ችግሩ? በቀጥታ ንገሩኝ፣ አልቀየምም።

የአባቷ_ልጅ፦
እውነቱን ልንገርሽ? ለአባቴ ቢመጣለት እኔ ራሴ ነኝ የማጠፋው። ስሙን አይጠራም፣ ከማን እንደመጣ አይናገርም፣ ሊንክ ተጫን ይላል። ባንክህ ተዘግቷል፣ ዕቃህ ፖስታ ቤት ቆሟል እያሉ የሚልኩት አጭበርባሪዎች እኮ ልክ እንደዚህ ነው የሚጽፉት፣ ወላጆቻችንን «ሊንክ የሚባል እንዳትነኩ» ብለን ያስጠነቀቅነው ደግሞ እኛው ነን።

ሌላው፣ ሰውየው ምንም አላመመውም። ከክሊኒክ ካንሰር የሚል ነገር ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ምን አግኝተውብኝ ነው?» ብሎ ነው። ምንም እንዳልተገኘበት፣ በዕድሜው ላለ ሁሉ የሚላክ መሆኑን አስቀድሙ። የሐኪሙንም ስም ጻፉ። ክሊኒኩን ባያስታውስ ዶክተሩን ያስታውሳል።

ነርስ_ዳላስ፦
ከላይ ያለችው ልክ ናት፣ ግን እኔ ከአጻጻፉ በላይ የምትጠይቁት ነገር ነው የከበደው ባይ ነኝ። «ቀጠሮ ይያዙ» ሲባል ሰው ወዲያው ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) ይታየዋል። ማታውን ያንን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ጠጥቶ ሽንት ቤት ማደር አለ፣ በማግሥቱ ከሥራ መቅረት አለ፣ ማደንዘዣ ስለሚሰጥ ቤት የሚያደርስ ሰው መለመን አለ። ኡበር እየነዳ ለሚኖር ሰው ይሄ የቀን ገቢ ነው።

ቤት የሚሠራውን፣ በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልገውን የሰገራ ምርመራ (FIT) ለምን በፖስታ አትልኩላቸውም? የሰሜን ካሊፎርኒያው የጤና ድርጅት ካይዘር ፐርማነንቴ ይህንን ኪት (የናሙና መውሰጃ ዕቃ) በየዓመቱ ቤት ድረስ ይልካል። በፈረንጆች 2000 ላይ በየትኛውም መንገድ የአንጀት ምርመራውን በወቅቱ ያደረገው ሰው 39 በመቶ ገደማ ነበር፣ በ2015 ወደ 83 በመቶ ደረሰ። በዚህ ካንሰር የሚሞተውም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ያኔ የቴክስቱ ሥራ «ፖስታ እየመጣልዎት ነው» ማለት ብቻ ይሆናል።

አደራ ግን፣ ሰገራው ላይ ደም ያየ ወይም ያለምክንያት የከሳ ሰው ኪት አይጠብቅ፣ በቀጥታ ሐኪም ይየው። እናቱ፣ አባቱ ወይም ወንድም እህቱ በዚህ ካንሰር የተያዙበትም በ40 ዓመቱ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜም በኮሎኖስኮፒ ነው።

ማርታ_ሜሪላንድ፦
ኪትማ አለን፤ ለጠየቀ ሰው እንሰጣለን። የወሰዱትም ቢሆኑ ግማሾቹ አይመልሱትም፣ ከተመለሰውም ላብራቶሪ የሚጥለው አለ።

ላብ_ቴክ፦
የሚጣልበትን ልንገርሽ፣ ቀን ነው። ናሙናው የተወሰደበት ቀን ቱቦው ላይ ካልተጻፈ አንቀበልም፣ ምክንያቱም ከቆየ ደሙ ይበላሽና ውጤቱ አይታመንም። አንዳንድ አዛውንት ቀኑን ከወሩ ያስቀድማሉ፤ ጭራሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፈም ገጥሞኛል፣ ሲስተሙ የዛሬ ስምንት ዓመት ናሙና ነው አለን! ስለዚህ ኪቱ በደረሰ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አንድ አጭር ቴክስት ላኩ፦ ቀን ይጻፉ፣ በፈረንጆች፣ ወሩ ይቅደም። ቢቻል የተሞላ ቱቦ ፎቶ ይግባበት።

አንድ የቴክኒክ ነገር ደግሞ፦ ቴክስት በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ሦስት ቴክስት ይከፈልበታል። አለቃሽ ስለ ወጪ ሳይጮህ በፊት አሳጥሪው።

እሙዬ፦
ማንም ስለ ጾም አላነሳም። እዚህ አገር የዚህ ካንሰር ዘመቻ የሚሞቀው በማርች ነው፣ እሱ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። የኮሎኖስኮፒው ወረቀት የዶሮ ሾርባ ጠጡ ሲል እናቴ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ «ከፋሲካ በኋላ» አለች፣ በዚያው ቀረ። ለሰገራው ኪት ምግብም መድኃኒትም መለወጥ አያስፈልግም። ጾም እንደማያስፈታ በግልጽ ጻፉት። ለሙስሊሞቹም በረመዳን ያው ነው።

የአባቷ_ልጅ፦
ዋጋውንም እንዳትረሺ። «ነፃ» ብቻ ከተባለ ማንም አያምንም፤ «ኢንሹራንስዎ ይከፍላል» በሉት። ሰው የሚፈራው የኋላውን ቢል ነው፦ ኪቱ ደም ካሳየ ኮሎኖስኮፒ ግድ ነው፣ ድሮ ለእሱ የሚያስከፍሉ ነበሩ። አሁን አብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ከ2022 አጋማሽ ወዲህ፣ ሜዲኬር (በዋናነት የአዛውንቶች የመንግሥት ኢንሹራንስ) ደግሞ ከ2023 ጀምሮ እሱንም እንደ ቅድመ ምርመራ ነው የሚቆጥረው። ኢንሹራንስ ለሌለው ግን ይህን አትላኩ፣ ደውላችሁ አስረዱት።

ማርታ_ሜሪላንድ፦
ተባረኩ። ይሄ እንዴት ነው?

«ጋሽ እገሌ፣ ከዶ/ር እገሌ ክሊኒክ ነው። ምንም አልተገኘብዎትም። የሰገራ መመርመሪያ በፖስታ ይደርስዎታል። ቤት ይሠራል፣ ጾም አያስፈታም፣ ኢንሹራንስዎ ይከፍላል። ጥያቄ ካለ ይደውሉ፣ አማርኛ አለ።»

ሁለት ቴክስት ሊሆን ነው፣ ይሁን ግን። ውጤቱንስ በቴክስት ብንልክ?

ነርስ_ዳላስ፦
ይሄ ሌላ ነገር ነው፣ ጎበዝ! «ከ45 እስከ 75 ዓመት ላለ ሁሉ» የምትለዋን ጨምሪበት፣ አለዚያ ለምን እኔን ብቻ ይላሉ። ውጤት ላይ፣ ደህና ከሆነ «ውጤትዎ ደርሷል፣ ይደውሉልን» በቂ ነው፣ ስልኩን ልጅም ጎረቤትም ያየዋል። ደም ካሳየ ግን በፍጹም በቴክስት አይሆንም። አማርኛ የሚችል ሰው ይደውል፣ ከሥራ በሚወጡበት ሰዓት፣ ስልኩ ሳይዘጋም የኮሎኖስኮፒው ቀን ይቆረጥ።