ማዳበሪያን በአግባቡ መጠቀም ለአካባቢ ያስገኘውን ጥቅም በምን እንለካው?

ጠያቂ (ከካዛንቺስ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮአችን ካዛንቺስ ነው፤ የምንሠራው ግን ሞጆ ዙሪያ ካሉ ስንዴ አምራቾች ጋር ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ያስተማርነው አንድ ነገር ነው፦ ዩሪያን ባንዴ በትኖ ከመተው ይልቅ ለሁለት ከፍሎ መስጠት፣ ሁለተኛውንም አረሙ ከታረመ በኋላ መሬቱ እርጥብ ሳለ ጨምሮ አፈር ማልበስ። መጠኑን አልነካንም። በሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) እና 150 ኪሎ ዩሪያ ነበር፣ አሁንም ያው ነው። ምርቱ ግን በአማካይ ከ30 ኩንታል ወደ 35 ከፍ ብሏል።

እስከ ሰኔ 30 «አካባቢያዊ ውጤት» የሚል ምዕራፍ ማስረከብ አለብኝ። የጋዝ ልቀት ማስሊያው ላይ ቁጥሮቹን ሳስገባ የበፊቱና የአሁኑ እኩል ሆነው ወጡ። አለቃዬ ደግሞ የሞጆ ወንዝን ውኃ አስመርምሪና ከማሳ በውኃ ታጥቦ የሚሄደው የናይትሮጅን ዓይነት፣ ናይትሬት፣ መቀነሱን አሳዪ ይለኛል። እጄ ላይ ያለው የ60 ገበሬዎች የማዳበሪያ ደረሰኝና የምርት መዝገብ ብቻ ነው። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው፣ ጭቃ ረግጠው የሠሩት ሥራ ዜሮ ተብሎ እንዲጻፍ አልፈልግም። ያልተለካውንም ተለክቷል ብዬ መጻፍ አልችልም። ከየት ልጀምር?

አፈር መርማሪ
እህቴ፣ ማስሊያው አልተሳሳተም። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት የባለሙያዎች ጉባኤ (አይፒሲሲ) ያዘጋጀው መደበኛ ስሌት የሚያየው መሬት ላይ የዋለውን የናይትሮጅን መጠን ብቻ ነው። ለሁለት ተከፈለ፣ ባንዴ ተበተነ፣ አፈር ለበሰ፣ ፀሐይ ላይ ቀረ፣ ይህን አያውቅም። አብረን እናስላው። 100 ኪሎ ኤንፒኤስ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ከዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 150ው ኪሎ 69 ይሰጣል፤ ድምሩ 88። ከዚህ 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ በሚባል አየርን የሚያሞቅ ጋዝ መልክ ይወጣል ብለሽ ስትይዢ 0.88 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ ወደ ጋዙ ክብደት ለመለወጥ በ44/28 ሲባዛ 1.38 ኪሎ ጋዝ ይሆናል። የዚህ ጋዝ አንድ ኪሎ በመቶ ዓመት ስሌት ከ273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ስለሚተካከል 377 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ዩሪያው ራሱ ሲፈርስ የሚለቀውን 110 ኪሎ ጨምሪበት፣ በሄክታር 487 ገደማ ነው። መጠኑ እስካልተነካ ድረስ ይህ ቁጥር አይንቀሳቀስም።

አሁን ለምርቱ አካፍዪው። በፊት ለአንድ ኩንታል ስንዴ 16.2 ኪሎ ነበር፣ አሁን 13.9 ሆኗል። ሥራችሁ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው የአይፒሲሲ መመሪያ በዚያ 1 በመቶ ፋንታ ለሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በእርጥብ አየር 1.6 በመቶ፣ በደረቅ 0.5 በመቶ ይወስዳል። የትኛውን እንደያዝሽ በግልጽ ጻፊ፤ ለሁለቱም ዓመት ያንኑ ተጠቀሚ።

ጡረተኛው የግብርና ሠራተኛ
ልጄ፣ የላይኛው መልስ ጥሩ ነው፤ ገለባውን ግን ረስቶታል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ገበሬ ማሳ ላይ ነውና ይህን ሳልናገር አላልፍም።

በ35 ኩንታል ስንዴ ውስጥ ፍሬው 1.9 በመቶ ናይትሮጅን ይዟል ብትይ 66.5 ኪሎ ይወጣል። ከገባው 88 ጋር ሲተያይ 76 በመቶ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ገለባው የት ሄደ? ወደ ከብቱ። ከከብቱ የወጣው ደግሞ ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ይነዳል እንጂ ወደ ማሳው አይመለስም። 40 ኩንታል ገለባ በ0.5 በመቶ ሲሰላ ሌላ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ሲደመር ከመሬቱ የወጣው 86.5፣ የገባው 88። ወደ 98 በመቶ ማለት ነው! በ2015 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ የናይትሮጅን ባለሙያዎች ቡድን ባቀረበው መለኪያ ከ50 በታች ብክነት፣ ከ90 በላይ ደግሞ መሬቱ ከራሱ ስንቅ እየተበላ ለመሆኑ ምልክት ነው። በአየርና በውኃ የሚጠፋው እንዳለ ሆኖ 98 ከመጣ፣ ጎዶሎውን የሚሞላው አፈሩ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «ዩሪያውን ወደ 100 ኪሎ ብንቀንሰውስ?» ቢልሽ ተጠንቀቂ። የገባው ናይትሮጅን 65 ይሆናል፣ የልቀቱም ቁጥር ወዲያው ያምርልሻል። ምርቱ እንዳለ ቢቆይ እንኳ መሬቱ በያመቱ ከ20 ኪሎ በላይ ይከስራል። የአውሮፓ ገበሬ ቀንስ ቢባል መሬቱ የጠገበ ነው። የእኛ ገና አልጠገበም። ኃላፊነት የተሞላበት አጠቃቀም ሲባል ሁልጊዜ መቀነስ የሚመስላቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል። ኩበቱን ከምድጃ አድኖ ማሳ ማድረስ የቻለ ቤተሰብ ካለ፣ እሱንም መዝግቢው።

ውኃ መርማሪ (አራት ኪሎ)
የወንዙን ጉዳይ እኔ ልመልስ። አለቃሽ ቅን ሐሳብ ይዘው ነው፤ ቢሆንም ገንዘቡ ይባክናል። ከቢሮሽ ብዙም በማይርቀው የቀበና ወንዝ ዳር የስንዴ ማሳ የለም፣ ውኃው ግን ከቤት ፍሳሽ የመጣ ናይትሮጅን ተሸክሟል። ሞጆም ወንዙ ላይ ከተማ አለ፣ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። ናይትሬት ቢጨምርም ቢቀንስም ከ60 ገበሬ ማሳ መጣ ብለሽ መለየት አትችዪም። ታች ወንዙ በሚገባበት ቆቃ ሐይቅ ላይ ለሚታየው አልጌና እምቦጭ ደግሞ አንዱ ትልቅ ምክንያት ፎስፈረስ ነው፤ ፎስፈረስ በአብዛኛው ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። እሱን የሚያስቆመው እርከንና የወንዝ ዳር ሣር እንጂ የዩሪያ አሰጣጥ አይደለም።

ለመለካት ከተፈለገ አፈሩ ይለካ። ስንዴው በታጨደ ሳምንት ከ0–30፣ ከ30–60 እና ከ60–90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ናሙና ይወሰድ። ተክሉ ሳይወስደው የቀረው ናይትሬት እዚያ ይገኛል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ወደ ታች ሊያጥበው የሚችለውም እሱ ነው። ናሙናው በየጥልቀቱ ለብቻው፣ ከማሳው ብዙ ቦታ ተወስዶ ይደባለቅ። ከዚያ በአይስቦክስ በረዶ ላይ ሆኖ በዚያው ቀን ወደ ላብራቶሪ። ሞቆ ካደረ በከረጢቱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ቁጥሩን ይለውጡብሻል። ከሞጆ በፈጣን መንገዱ ቱሉ ዲምቱ መድረስ ቀላል ነው፤ ጊዜ የሚፈጀው ከዚያ መሐል ከተማ መግባቱ ነውና በጠዋት ጨርሳችሁ ተነሡ።

የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ቤተሰብ ካለ እሱንም አስመርምሪ፤ ለሪፖርቱ ሳይሆን ለሕፃናቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ውጤቱ «ናይትሬት-ናይትሮጅን» ተብሎ ከተጻፈ፣ ማለትም በናይትሬቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ከተቆጠረ፣ ወሰኑ 11 ነው። ለማመሳሰል በ4.43 አባዢ። ይህን ሳያዩ 15 ቁጥርን ከ50 ጋር አወዳድረው «ደኅና ነው» ያሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጠያቂ (ከካዛንቺስ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለሁላችሁም። ጋሼ፣ ስለ ገለባው ከገበሬዎቹ አንዱን በስልክ ጠይቄ እንዳሉት ነው፤ ጭድ ማሳ ላይ አይቀርም አሉኝ። አንድ ጭንቀት ግን ቀርቶኛል። አምናና ካቻምና ዝናቡ አንድ ዓይነት አልነበረም። ከ30 ወደ 35 የወጣው በእኛ ሥራ ነው ወይስ በዝናቡ?

አፈር መርማሪ
አሁን ባለሽ መዝገብ አትለዪውም። ጊዜው ሚያዝያ ስለሆነ ግን ለዘንድሮ ትደርሻለሽ። ፈቃደኛ የሆኑ ስድስት ገበሬዎች ማሳ ላይ ጎን ለጎን ሦስት ቁራጭ ለዪ፣ እያንዳንዱ 10 በ10 ሜትር። አንዱ ዩሪያ ያልገባበት፣ አንዱ እንደ ድሮው ባንዴ የተበተነበት፣ አንዱ በአዲሱ አሠራር። ዘሩ፣ የዘር ቀኑ፣ ኤንፒኤሱ አንድ ይሁን። ዝናቡ ለሦስቱም እኩል ስለሚዘንብ የሚቀረው ልዩነት የአሰጣጡ ነው። ዩሪያ ከሌለበት ቁራጭ ያለውን ብልጫ በሄክታር አስልተሽ ለ69 ኪሎው ስታካፍዪ፣ አንድ ኪሎ የዩሪያ ናይትሮጅን ስንት ኪሎ ስንዴ እንዳስገኘ ታያለሽ። ባዶው ቁራጭ ላይ ለሚጎድለው ምርት ገበሬውን ካሱት። ከአስተዳደር ወጪ ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን ካሱት።

ጠያቂ (ከካዛንቺስ)
ረቂቁን እንዲህ ጻፍኩት፦ «የዩሪያ መጠን ሳይለወጥ የስንዴ ምርት በሄክታር ከ30 ወደ 35 ኩንታል በመጨመሩ በአንድ ኩንታል የሚሰላው ልቀት ከ16.2 ወደ 13.9 ኪሎ ቀንሷል። በአዲሱ አሠራር ምክንያት ወደ አየርና ወደ ውኃ የሚባክነው ናይትሮጅንም ቀንሷል። ገለባ ሲቆጠር መሬቱ ያገኘውን ያህል ሊባል በሚችል ደረጃ እየሰጠ ስለሆነ መጠኑን መቀነስ አይመከርም።» ይሄዳል?

ጡረተኛው የግብርና ሠራተኛ
ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ወድጄዋለሁ። ሁለተኛው ገና አልተለካምና አውጪው፤ በቦታውም «የዝናቡን ድርሻ ለመለየት በዚህ ክረምት በስድስት ማሳ ላይ የንጽጽር ቁራጮች ይዘራሉ፤ በአጨዳ ጊዜም የአፈር ናይትሬት ይለካል» በይ። ቁራጮቹ ሲለዩ ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ሁኚ፤ ችካሉን ከብት እንዳይነቅለው ደግሞ ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሉት።