ቦሎዬ ካለፈ 2 ዓመት ሆነው፣ ትራፊክ መንጃ ፈቃዴን ይዞብኛል፣ ቅዳሜ ኒካ አለብኝ!!

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገን። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ነገሩ ዛሬ የሆነ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ፒካፕ ይዤ ስወጣ ሐረጎ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። መስታወቱን አየና ሳቀ። ቦሎው (የዓመታዊ ምርመራ ወረቀቱ) የ2015 ነው። የሦስተኛ ወገን መድኑም ያኔ ነው ያበቃው። መንጃ ፈቃዴን ይዞ የክስ ወረቀት ሰጠኝ፣ መኪናዋን ግን ለቀቀልኝ፣ አሁን ቧንቧ ውሃ ጓደኛዬ ግቢ ቆማለች። መኪናዋ እኮ እስከ ዛሬ ኮምቦልቻ አክስቴ ግቢ ሸራ ለብሳ የኖረች ናት፣ አንድ ቀን አልተነዳችም፣ ዶሮ ነው የተፈለፈለባት። ቅዳሜ የእህቴ ኒካ ነው፣ ድንኳንና ድስት የማመላልሰው በሷ ነው። ስንት ይቀጡኛል? ላሳድስ ብዬ ብሄድስ የሁለት ዓመቱን ቆጥረው መኪናዋን ይይዙብኛል? ወይስ እስከ ቅዳሜ ዝም ብዬ ልንዳት?

አብሽር ብቻ፦
አብሽር። የቦሎው ቦታ ላይ ዱዓ ለጥፍበት።

የመርሳ ልጅ፦
መጀመሪያ ሦስተኛ ወገን ግባ። ሌላው በኋላ።

የወልዲያው፦
ቆይ ቆይ። መንገድ ያልረገጠች መኪና ምን አጠፋች ተብሎ ነው የሁለት ዓመት የምትከፍለው? አስፋልት አልጨረሰች፣ ጭስ አላጨሰች። እኔ ብሆን አልከፍልም። አመልክት፣ ቆማ ነበር በል፣ የአክስትህን ጎረቤቶች ምስክር አድርግ።

የሆጤ ልጅ፦
@የወልዲያው እኔም የምለው ይህንን ነው!! ቆማ ነበር!

ኡሙ ሰሚራ፦
ወንድሜ፣ ትራፊኩ ያገኛት አክስትህ ግቢ አይደለም፣ ሐረጎ ላይ ነው። ለዛሬው ቅጣት የሁለት ዓመቱ መቆም መልስ አይሆንም። ውዝፉ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን አትቀላቅላቸው፣ ስትከራከር ራስህን ነው የምታደክመው።

ደግሞ ክሱ ላይ የተጻፈው ጥፋት አንድ ነው ሁለት? ቦሎ ማሳለፍና ያለ መድን ማሽከርከር ለየብቻ ናቸው። ስንት እንደሆነ እኛን ከምትጠይቅ ወረቀቱን አንብበው። የሠፈር ሰው የሚነግርህ ሒሳብ ድሮ የከፈለውን ነው፣ ታሪፉ ደግሞ ተቀይሯል።

የሆጤ ልጅ፦
ጽሑፉ አይነበብም፣ የሐኪም እጅ ነው። ሁለት መስመር ይመስላል።

አብሽር ብቻ፦
ሁለት መስመር ከሆነ ግጥም ይሆናል።

ጡረተኛው ሾፌር፦
ልጄ፣ እኔ ሐረጎን ከሠላሳ ዓመት በላይ ወጥቻለሁ ወርጃለሁ። በጭጋግ፣ በዝናብ፣ ጨው ጭኜ፣ ማሽላ ጭኜ። የዛሬ ልጆች ቦሎ ማለት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይመስላችኋል። ወረቀቱ የምርመራው ምልክት ነው እንጂ ዋናው ነገር ፍሬኑ ነው። ሐረጎ ላይ ፍሬን ሲከዳህ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ስለ ቅጣት ብር አይጠይቅም። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመርመር ያለው ሊያስቸግርህ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከቅጣቱ የሚብሰውን ልንገርህ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መኪና መንገድ ላይ ማውጣት ክልክል ነው። ቅዳሜ ድስት ጭነህ ስትሄድ አንድ ሕፃን ብትነካስ? የመድን ፈንድ ለተጎጂው ይከፍልና ወደ ባለንብረቱ ይዞራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን 2081 አንብብ። የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ። ስለዚህ ሊብሬው፣ የባለቤትነት ደብተሩ ማለቴ ነው፣ በማን ስም ነው?

የመርሳ ልጅ፦
አላልኩም? ሦስተኛ ወገን።

ጎሚስታ ነኝ፦
ሁለት ዓመት የቆመች መኪና እንዴት ሐረጎን ወጣች ማሻአላህ 😂 ከላይ ሸራ አልብሰሃታል፣ ከሥር ያለው ሸራ ግን ዝጎ ከታምቡሩ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ወደ ምርመራ ከመሄድህ በፊት አራቱንም ጎማ አስፈታ። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ የእጅ ፍሬን ይታይ። አንድ ቦታ ላይ የኖረ ጎማ ክብነቱን ያጣል፣ መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ ታውቀዋለህ። ባትሪ፣ ፍሬቻ፣ ስቶፕ መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ጡሩምባ። ዶሮ ከነበረ ደግሞ ሽቦ ተነካክቶ ይሆናል፣ እኔ አንዴ ኮፈን ስከፍት እንቁላል አግኝቻለሁ፣ ወላሂ ውሸት አይደለም። የሻንሲውን ቁጥር በደንብ አጥበህ ሂድ፣ ጭቃና ዝገት ካለበት አናነበውም ብለው ይመልሱሃል። የእሳት ማጥፊያና ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ያዝ። አንድ አምፑል ተቃጥሎ መመለስ ያናድዳል።

የሆጤ ልጅ፦
አጎቴ አመሰግናለሁ። ሊብሬው በወንድሜ ስም ነው። ጅዳ ነው ያለው።

ኡሙ ሰሚራ፦
ይኼን መጀመሪያ አትነግረንም? ውክልና አለህ?

የሆጤ ልጅ፦
ወንድሜ ነው እኮ፣ የምን ውክልና

የወልዲያው፦
ውክልና አያስፈልግም፣ እኔ የአጎቴን መኪና ሊብሬ ብቻ ይዤ አስመርምሬያለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም።

ኡሙ ሰሚራ፦
አንተን አልጠየቁህም፣ እኔን ግን ከበር ነው የመለሱኝ። የባለቤቴ መኪና ነበር፣ የጋብቻ ወረቀት ይዤ ነው የሄድኩት። መኪና ለምርመራ ማቅረብ ቀላል ነው፣ ውዝፍ ካለ ግን ፋይል ይከፈታል፣ ፋይል ሲከፈት ደግሞ «ባለንብረቱ የት አለ» ይባላል። ጅዳ ቆንስላ ስላለን ወንድምህ ሄዶ ውክልና ይስጥህ፣ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል። ቃሉን አስተካክሉት፦ ተሽከርካሪ ማስመርመር፣ ቦሎ ማሳደስ፣ መድን መግባት፣ ግብርና ቅጣት መክፈል፣ ፋይል ማስወጣት። አንድ ቀን መሸጥ ካሰበ ያንንም በግልጽ ያስጽፍ፣ በጠቅላላ ውክልና አይሸጥም። ግን ይህ ለቅዳሜ አይደርስም፣ እውነቱን ልንገርህ።

ፈጣን ጉዳይ፦
ሳትመረመር በአንድ ቀን ቦሎ የሚያወጣ ልጅ አውቃለሁ። በውስጥ አናግረኝ።

ጡረተኛው ሾፌር፦
አንተ ሰውዬ ልጁን ወደ እስር ቤት አትውሰደው! ዛሬ ያለበት የትራፊክ ቅጣት ነው፣ ከፍሎ ይወጣል። ሐሰተኛ ቦሎ ለጥፎ ከተገኘ ግን በሐሰተኛ ሰነድ የወንጀል ክስ ነው። ወንድሙንም ጣጣ ውስጥ ሊከተው ይችላል።

አብሽር ብቻ፦
ፈጣን ጉዳይ፣ ፈጥነህ ሂድ።

የባቲ ሰኞ፦
የታርጋው ኮድ ስንት ነው? ማንም አልጠየቀም።

የሆጤ ልጅ፦
3

የባቲ ሰኞ፦
ኮድ 3 ከሆነ ነገሩ ይለያል ወንድምዬ። የንግድ መኪና ነው፣ ቦሎ ለማሳደስ የግብር ክሊራንስ፣ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ ይጠየቃል። ወንድምህ ሲሄድ ንግድ ፈቃዱን መልሷል ወይስ እንዲሁ ትቶት ነው የሄደው? ካልመለሰ ገቢዎች ዘንድ በየዓመቱ እየተቆጠረ ነው። እኔ ባቲ ገበያ ፍየል የምጭንበት መኪና እንዲህ ደርሶብኛል። ቦሎውን ፈርቼ ሄድኩ፣ ቦሎው ምንም አልነበረም፣ ግብሩ ነው ላብ በላብ ያደረገኝ። ያ የወልዲያው የሚለው «ቆማ ነበር» ክርክር የሚጠቅም ከሆነ እዚያ ነው የሚጠቅምህ፣ ሥራ እንዳልሠራች ለግብር አመልክት። በጽሑፍ፣ ቀን ያለው፣ ገቢ ተደርጎ ቁጥር የወጣለት። ለትራፊክ ብትነግረው ግን የአክስትህን ዶሮ ታሪክ ሰምቶ ይስቃል እንጂ ምን ያደርግልሃል።

የወልዲያው፦
እኔም እኮ አመልክት ነው ያልኩት።

የሆጤ ልጅ፦
ንግድ ፈቃዱን አላውቅም። ወንድሜን ደውዬለት ነበር፣ ዘጋብኝ። ሥራ ላይ ነው መሰለኝ። ታዲያ አሁን ነገ ጠዋት የት ነው የምሄደው? ብሄድ መኪናዋን ይይዟታል ወይ ነው ጥያቄዬ እስካሁን የመለሰልኝ የለም

ኡሙ ሰሚራ፦
እሺ ስማኝ። መኪናዋን ይዘህ አትሂድ። በእግርህ ሂድ። ሊብሬውን፣ የድሮውን ቦሎ፣ የክሱን ወረቀት ያዝ። እግርህን ማንም አይይዘውም። ክሱን ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ ክፈል፣ መንጃ ፈቃድህን ውሰድ፣ ደረሰኙን አትጣል፣ ቦሎ ስታሳድስ ያልተከፈለ ክስ አለብህ ይሉሃል። ከዚያ ትራንስፖርት ቢሮው መስኮት ላይ የታርጋውን ቁጥር ስጣቸውና ውዝፉን አስላው። እኔ ስፈራ የቆየሁት ስድስት ወር ነው፣ ሒሳቡ ሲነገረኝ ያነባሁት ለብሩ ሳይሆን ለስድስቱ ወር ነው።

ሦስተኛ ወገን ደግሞ ለወደፊቱ እንጂ ላለፈው አይከፈልም። ስለዚህ እሱን ለማዘግየት ምክንያት የለህም። ያለ እሱ ቦሎም አይሰጡህም።

የመርሳ ልጅ፦
🙏 ሦስተኛ ወገን

ጎሚስታ ነኝ፦
ወደ ምርመራ ስትወስዳት በክሬን አስጎትታት ወይም ከትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ጠይቅ። እምቢ ካሉህ ክሬን። ፍሬኗን ሳላይ ደግሞ እንኳን ደሴን ቧንቧ ውሃንም እንዳትዞር።

የሆጤ ልጅ፦
እና ቅዳሜስ 😭

የባቲ ሰኞ፦
ለቅዳሜ ጋሪ።

አብሽር ብቻ፦
ጋሪ ቦሎ የለውም፣ ፈረሱ ግን ሦስተኛ ወገን ያስፈልገዋል።

የሐይቅ አይሱዙ፦
ቀልዱን ተዉት። ልጅ፣ አርብ ማታ ከሐይቅ ባዶዬን ነው የምገባው። ድንኳኑን እኔ አመላልስልሃለሁ። ቦሎዬም መድኔም የዘንድሮ ነው። ነዳጅ ትሞላለህ፣ ከኒካው ሥጋ አንድ ሳህን ትሰጠኛለህ። ስልክህን በውስጥ ላክልኝ።

ኡሙ ሰሚራ፦
የወሎ ልጅ! አላህ ይስጥህ።

የሆጤ ልጅ፦
ላኩልህ አባቴ!! ነገ ጠዋት ክሱን እከፍልና የሆነውን እነግራችኋለሁ።

ጡረተኛው ሾፌር፦
ልጄ፣ ምን አሉህ?

የመርሳ ልጅ፦
ሦስተኛ ወገን ገባህ?

ጎሚስታ ነኝ፦
ቅዳሜም አለፈ። ሰርግ ላይ ነው መሰለኝ። የሐይቅ አይሱዙ፣ አንተስ ሄድክ?

የሐይቅ አይሱዙ፦
ሄጄ ነበር። ሥጋው ሁለት ሳህን ነው የተሰጠኝ። ልጁ ሲሯሯጥ ነበር፣ ስለ ቦሎው ስጠይቀው «ወንድሜ ደውሏል» ብሎ ሄደ። ፊቱ ግን ደስ የሚል አልነበረም።

የባቲ ሰኞ፦
ንግድ ፈቃዱ ነው። ገና ከሩቁ ሸቶኝ ነበር።

የከሚሴ ባጃጅ፦
ሰላም ጀመዓ፣ እዚሁ ልጠይቅ። እኔም ቦሎዬ አልፏል፣ ስድስት ወር ብቻ ነው፣ ባጃጅ ነው፣ ዛሬ ታርጋዬን ፈትተው ወስደውብኛል፣ ምን ላድርግ ቶሎ በሉኝ

ጡረተኛው ሾፌር፦
ሊብሬው በማን ስም ነው?