ጥቆማ፦ ሃይብሪድ መኪና ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ማን ይንካው?

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሃይብሪድ ልገዛ ነው፤ ግን እዚህ ማን ይሠራዋል?» ሃይብሪድ ማለት በቤንዚን ሞተርም በባትሪም የሚሄድ መኪና ነው። እኔ የቶዮታ ያሪስ ሃይብሪድ ከያዝኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በቀን አንዴ በመሐላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ አንዴ እወጣለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ከራሴ ኪስና ከራሴ ድንጋጤ የተማርኩትን ነው።

አጭሩ መልስ ይኸው። ከአሥሩ ሥራ ዘጠኙን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ታሠራላችሁ። አንዱን አዲስ አበባ ትወስዳላችሁ። ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ነው።

ከጋራዥ ልጀምር። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ናት። በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መስመር መነሻ ስለሆነች እጃቸው የተፈታው በጭነት መኪና ነው። የእግር ሥራ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ ከሆነ እኔ ኮምቦልቻን እመርጣለሁ። ጎሚስታዎቹ ፈጣን ናቸው፤ ብዙም አይከራከሩም። ኤሌክትሪክ ነክ ነገር ሲሆን ግን ደሴ እሄዳለሁ። እዚያ ኮምፒውተር የሚያነብ፣ ትንንሽ መኪና የለመደ ልጅ ይገኛል። የሁለቱም ከተማ ጥሩ መካኒኮች አንድ ጠባይ አላቸው፤ የማያውቁትን «አላውቀውም» ይላሉ። እንዲህ የሚል መካኒክ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ።

ጋራዥ ስመርጥ አንድ ፈተና አለኝ። ገብቼ «የዚህ መኪና ሞተሪኖ የት ነው?» እላለሁ። ኮፋኖ ከፍቶ መፈለግ ከጀመረ አመስግኜ እወጣለሁ። የቶዮታ ሃይብሪድ ሞተሪኖ የለውም። ዲናሞም የለውም፣ ፍሪሲዮንም የለውም። ሞተሩን የሚያስነሳው ትልቁን ባትሪ የሚጠቀም የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ትንሿን ባትሪ የሚሞላት ደግሞ ከትልቁ ባትሪ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ የሚልክ መሣሪያ ነው።

ይህን ፈተና ያገኘሁት በነጻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት፣ መኪናዬ አልነሳ አለች። ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ በራ። ስሟን የማልጠራት አንዲት ጋራዥ «ዲናሞው ሄዷል፣ ይቀየር» አለችኝ። ዋጋውም ተነገረኝ። የሌለ ዕቃ ለመግዛት ቀብድ ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ! የሞተችው ከኋላ በኩል የምትቀመጠው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ነበረች። እሷ ሞተር አታዞርም፤ ሥራዋ ኮምፒውተሩን መቀስቀስ ነው። ስትደክም እንደ ሌላ መኪና «እኝ እኝ» አይልም። የማይገናኙ መብራቶች ይበራሉ፣ ሰውም ትልቁ ባትሪ የሞተ መስሎት ይደነግጣል።

ባትሪ ስትቀይሩ ደግሞ ከሱቅ የመጀመሪያውን አታንሱ። ይቺ ባትሪ የምትቀመጠው ሰው ያለበት ውስጥ ነው። ጋዝ ወደ ውጭ የምታስወጣበት ቀጭን ቱቦ ያስፈልጋታል። ተራዋ የአሲድ ባትሪ ልኳ ቢገጥም እንኳ ይህ ቱቦ ከሌላት አልመክርም። እኔ ቱቦ ያላትን ደሴ ሁለት ሱቅ ጠይቄ አጣሁ። በመጨረሻ ከመርካቶ በአውቶቡስ አስመጣሁ። ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይለወጣል።

ዘይት። የኔ መኪና የምትፈልገው 0ደብሊው-20 ነው፤ ቀጭን ዘይት። የኛ ሱቆች መደርደሪያ ላይ በብዛት ያለው ወፍራሙ ነው። ሻጩም «ለደጋ መንገድ ወፍራም ይሻላል» ይላችኋል። አይሻልም። ሃይብሪድ ሞተር በየደቂቃው ይጠፋል፣ ይነሳል። ዘይቱ ቶሎ መድረስ አለበት። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ባለ 4 ሊትሩን አስመጣለሁ። ማሸጊያው የተነካካ ከሆነ አልቀበልም። ቅየራውን ግን የትም ማስደረግ ትችላላችሁ። ፊልትሮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ አጠገቡ ቁሙ፣ ያው ነው።

ኩላንት ላይ ግን ልቆጣ ነው። ሁለት ማጠራቀሚያ አለ። አንዱ የሞተሩ፣ አንዱ የኢንቨርተሩ፤ ማለትም የትልቁን ባትሪ ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀይረው መሣሪያ። ብዙ መካኒክ ሁለተኛውን አያየውም፤ ካየውም ውሃ ይጨምርበታል። ወገን፣ ቧንቧ ውሃ የደሴ ክፍለ ከተማ ስም እንጂ ኩላንት አይደለም! የቶዮታው ሮዝ ቀለም ያለው፣ ተበጥብጦ የሚመጣው ነው። ኢንቨርተር ከሞቀና ከተቃጠለ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ እንደመክፈል ነው።

አሁን ወደ ሐረጎ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ሃይብሪድ ሲወርድ ባትሪ ይሞላል፤ ደስ ይላል። ግን የኔ ባትሪ 1 ኪሎዋት-ሰዓት እንኳ አትይዝም። ኮምፒውተሩም ጥግ ድረስ አይሞላትም፣ ጥግ ድረስም አያራግፋትም፤ የሚጠቀመው መሐሉን ብቻ ነው። ከሐረጎ ቁልቁለት የሚገኘው ጉልበት ከሷ በእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ግማሽ መንገድ ሳትደርሱ ትሞላለች። ያኔ መኪናዋ ሞተሩን እያጮኸች መያዝ ትጀምራለች። መጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ቀን ካምቢዮ የተበተነ መስሎኝ ዳር ይዤ ቆሜአለሁ። ምንም አልሆነችም። ከደሴ ወጥታችሁ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን «ቢ» ላይ፣ ሞተሩ መኪናዋን የሚይዝበት ላይ፣ አድርጉት። ሜዳ ላይ ስትደርሱ ወደ «ዲ» መልሱት፤ አለዚያ ቤንዚን ይበላል።

የዚህ ጥቅሙ ፍሬን ሸራ ላይ ይታያል። መኪናዋን ከያዝኩ ወዲህ አንዴም አልቀየርኩም። ጎረቤቴ ባለ ቪትዙ በዚያው መንገድ ሁለት ጊዜ ቀይሯል። ጉዳቱስ? ፍሬኑ ሥራ ፈት ስለሚሆን ክረምት ላይ ይዝጋል፣ የሚንሸራተቱት ፒኖች ይደርቃሉ። በዓመት አንዴ አስፈትቼ አስጸዳለሁ፣ ግራሶ አስቀባለሁ። ይህን ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ ይሠራዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ቁልፉን ከመኪናው አርቃችሁ ያዙ፣ ትንሿንም ባትሪ አስነቅሉ። የፍሬኑ ፓምፕ በር ሲከፈት ራሱ ይነሳል። የሰው ጣት እዚያ መሐል መሆን የለበትም።

ላቫጆ ስትሄዱ የኋላ ወንበር ጎን ያለውን ቀዳዳ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ትልቁ ባትሪ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ውሃ አይረጭበትም። እናንተም ጋቢም ሆነ ጆንያ አትቆልሉበት። እኔ በየስድስት ወሩ መረቡን አስፈትቼ በብሩሽ አስጠርጋለሁ። ከውስጡ የሚወጣው አቧራ ጉድ ነው። በተለይ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የምታቆሙ ሰዎች፣ ባትሪውን ቀድሞ የሚገድለው ሙቀት ነውና ጥላ ፈልጉ።

የነዳጅ ሰልፍ ላይ ደግሞ «ኤን» ላይ አትተዉት። «ኤን» ላይ ትልቁ ባትሪ አይሞላም። «ፒ» ላይ አድርጉ፤ ሲያስፈልጋት ራሷ ሞተሩን ታስነሳለች። ከሁሉ በላይ ቤንዚን ጨርሳችሁ በባትሪ ብቻ «ማደያ ድረስ ልሂድ» አትበሉ። ባትሪው ከተሟጠጠ ሞተሩን የሚያስነሳ ሌላ ነገር የለም። ቤንዚን በጀሪካን ቢመጣም ላይነሳላችሁ ይችላል።

ያቺ አንዷ የአዲስ አበባ ሥራ እንግዲህ ትልቁ ባትሪ ናት፤ በአጠቃላይ ብርቱካናማ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ። የኔዋ 144 ቮልት ነው፣ ሰው ይገድላል። ያለ ልዩ ጓንት የሚነካውን ሰው እኔ አላስነካም፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን። ኮምፒውተሩ ሲነበብ ፒ0ኤ80 የሚል ኮድ፣ ማለትም ትልቁ ባትሪ ደክሟል የሚል፣ ከመጣ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር በመኪና ጭነት አስወስዱ፤ በመንገዱ ያለውን የጣርማ በርን ዳገት ደክሞ የመጣ ባትሪ አይወጣውም። አዲስ አበባ ስትደርሱ «አንዱን ሴል ብቻ ቀይረን እንሰጥሃለን» የሚል ይበዛል። ርካሽ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ወዳጄ እንዲያ አሠርቶ በሁለተኛው ወር ሌላኛው ሞተበት፣ ከዚያም ሌላው። ባትሪው ውስጥ ያሉት ሃያዎቹም እኩል አርጅተዋልና። አቅም ካለ ሙሉ አዲስ። ከሌለ ሃያውንም ለክቶ፣ አመጣጥኖ በጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ ሃይብሪድ የሚፈልገው ሰው በዝቷል። ለምትገዙ አንድ ምክር፦ መኪናው ላይ የምትሰካውን ትንሿን የብሉቱዝ ኮምፒውተር ማንበቢያ ግዙና በስልካችሁ የትልቁን ባትሪ ብሎኮች (ክፍልፋዮች) ቮልት እዩ። ዳገት ላይ ስትረግጡት አንዱ ብሎክ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚወርድ ከሆነ ተዉት። እዚህ ከገዛችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አውጡት፤ አዲስ አበባ ከሆነ እንጦጦን። ሻጩ «ዳገት አያስፈልግም» ካላችሁ መልሱ ተገኝቷል።

ደሴ ላይ ቱቦ ያላት ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ንገሩኝ። ሰሞኑን አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ካለ ደግሞ ሮዙን ኩላንት ሁለት ሊትር ያምጣልኝ፤ ብሩን አስቀድሜ እልካለሁ።